ሃያ ነጥብ ሃያ ሜትር ኩብ

ነብዩን ከጉድጓዱ ጎትተው ሲያወጡት አፉ በቀይ አፈር ተሞልቶ ነበር። ቀኝ እጁ የመለኪያ ሜትሩን እንደጨበጠ ደርቋል። አንዲት ሴትዮ ከጣቶቹ ልታላቅቀው ሞከረች፣ አቃታት። «ተዉት፣ ይዞት ይሂድ» ብላ ሻርፗን ፊቱ ላይ ጣለችበት።

ይሄ የሆነው ሆሞሻ ከተማ ዳር ነው፣ አዲስ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ማክሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ። ነብዩ የዳቡስ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ነበር። የሚማረው ኳንቲቲ ሰርቬይንግ ነው። አንድ ሕንፃ ስንት ድንጋይ፣ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት ሜትር ኩብ ቁፋሮ እንደሚፈጅ ለክቶ መጻፍ ማለት ነው። ከሁለት የክፍሉ ልጆች ጋር ለተግባር ልምምድ ሆሞሻ ከገባ ሁለት ወሩ። ለምርቃታቸው የቀራቸው አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

የሆሞሻው ፖሊስ ሰዳም ምክንያቱን ለማግኘት አሥር ደቂቃም አልፈጀበትም። ጉድጓዱ ተደርምሶ ነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ኻሚስ ነው። ኻሚስ ደግሞ ትናንት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። በቃ። እጁን በካቴና አስሮ ማንጎ ዛፍ ሥር አስቀመጠውና አሶሳ ደወለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነጭ ፒክአፕ አቧራዋን እየጎተተች ግቢው ገባች። ኢንስፔክተር ነዕማ አብዱልሐሚድ ወረደች። አጭር ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ እጇ ላይ የማንጎ ፌስታል አንጠልጥላለች። የአሶሳ ልጅ ናት፤ አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የቀርከሃ ቤት ሲሠራ የኖረ ቤርታ ነው። ከኋላዋ ሳጅን ጅረኛ ወረደ፣ ረጅም፣ የባምባሲ ልጅ፣ ዝም ማለት የማይችል።

በሱዳን በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነፋስ ግን የለም። የማንጎዎቹ ቅጠል አንድም አይነቃነቅም፣ ወፍ እንኳ ጠፍቷል።

«ይዘንባል» አለ ጅረኛ።

«በስንት ሰዓት?»

«አሥራ አንድ ሳይሞላ። የባምባሲ ሰው በዝናብ አይሳሳትም አለቃ፣ የምንሳሳተው በሌላ በሌላው ነው።»

ነዕማ አልሳቀችም። ጣሪያ ያልወጣለትን ሕንፃ አየች። ከጀርባው ለፍሳሽ የተቆፈረውን ጉድጓድ አየች። ከጉድጓዱ ወዲህ ትልቅ የአፈር ክምር አለ፣ ወዲያ ደግሞ፣ ማንጎው ጋ፣ ትንሽ ክምር።

«ያ ትንሹ ምንድነው?» አለች።

«ልጁን ስናወጣ የጣልነው አፈር ነው» አለ ሰዳም። «የቀበረውን አፈር እየዛቅን ወደዚያ ጣልን። ትልቁ ከድሮም የነበረ ነው፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር የወጣው።»

«ትልቁን ማንም አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል? ሰው ነፍስ ለማዳን ነው የሚሯሯጠው።»

ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ስፋቱ የአንድ ትንሽ ክፍል ያህል ነው፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ያልፋል። አራቱም ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የዶማው ምልክት ከላይ እስከ ታች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይታያል። አንድ ጠርዝ ብቻ፣ ጀበና የምታህል ቦታ ተሸርፋለች።

«ሰዳም፣ ተደረመሰ ያልከው ይቺን ነው?»

«አዎ ኢንስፔክተር።»

«ከዚህች ላይ የወደቀው አፈር ሰው ይቀብራል?»

ሰዳም ሸራፋውን አየ፣ ትንሹን ክምር አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድንጋይ ጭንቅላቱን መትቶት ይሆናል» አለ።

ነዕማ ተነስታ ትልቁን ክምር ዞረችው። ጎኑ ደርቆ ቅርፊት አውጥቷል፣ የፍየል ኮቴ ተረማምዶበታል። አናቱ ግን እርጥብ ነው፣ ልስልስ ያለ። ኮቴ የሚባል የለበትም። እጇን ሱሪዋ ላይ ጠረገችና ወደ ኻሚስ ሄደች።

መጀመሪያ በቤርታ ቋንቋ አናገረችው። ቀጥላ ግን «አሁን ለሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ንገረኝ» አለችው።

«ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እኔ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ሃያ ዓመት ቆፈርኩ። የኔ ጉድጓድ አይወድቅም፣ ወላሂ።»

«ትናንት ከነብዩ ጋር ለምን ተጣላችሁ?»

ኻሚስ ወደ ሕንፃው ግድግዳ ተመለከተ፣ መልሶ መሬት መሬት አየ። «እሱ ግድግዳ ሥር ቆፍር አለኝ። መሠረቱን ልየው አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ፎርማን ያባርረኛል። ሚስት አለኝ፣ ልጅ ሊመጣ ነው። እሱ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። ከዚያ ታረቅን።»

«መሠረቱን የቆፈርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ነበር ጥልቀቱ?»

ኻሚስ በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ ቀበቶው ላይ አደረጋቸው። «እዚህ ድረስ። በቃ አሉኝ፣ ወጣሁ።»

በሩ ጋ በአሮጌ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ከርከዴ የሚባለውን ቀይ የአበባ መጠጥና ሻይ የምትሸጥ ሴት ቆማለች፤ ሆዷ ገፍቷል። የኻሚስ ሚስት ኸድራ ናት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱንም ሴቱንም በሴት ትጠራለች።

«ነብዩ ዛሬ ጠዋት መጣች» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ከርከዴ ጠጣች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሬዲዮ ዜና ጨረሰች፣ ነብዩ ገባች። ከዚያ እኔ ገበያ ሄድኩ። ዛሬ ገበያ ነው፣ ሠራተኛ ሁሉ እዚያ ነው። ኻሚስም ከኔ ጋር ነበረች፣ ማሽላ ተሸከመች።»

«ሚስት ናት፣ ምን ትላለች ታዲያ?» አለ ሰዳም ከኋላ።

ኸድራ ዞራ አየችው። «አንቺ ትናንት ሻይ ጠጣሽ፣ ልጅሽ እዚህ ጤና ጣቢያ ትወለዳለች አልሽኝ። ዛሬ አባቷን አሰርሽ። ልጄን ማን ያሳድጋል? አንቺ?»

ነዕማ አንድ ማንጎ ከፌስታሏ አውጥታ ለኸድራ ሰጠቻት። «እስከ ማታ ታገሺኝ» አለቻት። ቀና ብላ ሰማዩን አየች። ጥቁሩ ነገር ወደ ግማሽ ሰማይ መጥቷል።

*

ሁለቱ ተማሪዎችና መምህራቸው ያልተጨረሰው ክፍል ውስጥ የብሎኬት ቁልል ላይ ተቀምጠዋል። ነዕማ አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ለእያንዳንዱ መጀመሪያ ማንጎ ትሰጣለች፣ ከዚያ ትጠይቃለች።

ሊድያ ማንጎውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል።

«ሥራችሁ እንዴት ነበር የተከፋፈለው?»

«በዚህ ሳምንት ሁላችንም የየራሳችን አለን። እኔ ጉድጓዱን፣ እዩኤል የአፈሩን ክምር፣ ነብዩ ግድግዳውንና መሠረቱን። የልኬት ወረቀት ላይ ርዝመት፣ ስፋት፣ ቁመት እንጽፋለን። በቀኝ በኩል የለካው ሰው ይፈርማል፣ ከሥሩ ያረጋገጠው ይፈርማል። ቲቸር ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ የጻፍነውን መሬት ላይ ካለው ጋር ያመሳክራል። ያልለካውን የጻፈ ሰው እንደማይመረቅ መጀመሪያ ቀን ነው የነገረን። ባለፈው ዓመት አንዱን አስቀርቶታል።»

«ዛሬ ማን መቼ መጣ?»

«እዩኤል በጠዋት ለክቶ እንደሄደ ነው የነገረን። እኔ ሦስት ሰዓት ላይ መጥቼ ጉድጓዱን ለካሁ። ስጨርስ ነብዩ መጣ። አላናገርኩትም።»

«ለምን?»

«ተጣልተን ነበር። እሁድ ዕለት ‹ለምርቃት ቀሚስ ትጨነቂያለሽ፣ እዚህ ሰው ሊሞት ነው› አለኝ። ምን ማለትህ ነው ስለው ‹ቆይ ላረጋግጥ› አለ። ሁሌ እንደዚህ ነው፣ ሳያረጋግጥ አይናገርም። ዛሬ ‹ሊዱ፣ ማኩረፉ አልበቃም?› አለኝ። ሳልመልስለት ወጣሁ።» ማንጎውን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም።»

«ጉድጓዱ ስንት ወጣ?»

ሊድያ ወረቀቷን ሳታይ መለሰች። «ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል በሁለት ነጥብ አርባ። አሥራ ስምንት ሜትር ኩብ።»

«እዩኤልስ ክምሩን ስንት አለ?»

«ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጥፎታል።» ስልኳን ሰጠቻት። የወረቀቱ ፎቶ ነው። ከላይ «ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30» ይላል፣ ከታች «20.20» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ፎቶው የተላከው አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው።

መምህር በቃሉ ማንጎውን አልፈልግም አለ። አርባውን ያለፈ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር። የልጁ ቤተሰብ ሬሳውን ይፈልጋል። ለምን እናራዝመዋለን?»

«ዛሬ የት ነበሩ?»

«እስከ ስድስት ተኩል አሶሳ፣ ስብሰባ ላይ። አሥራ ሁለት ሰው ይመሰክራል።»

«የሕንፃውን መሠረት ማን ለካው?»

«ያኔ፣ ሳይደፈን በፊት፣ እዩኤል። ወረቀቱ አለኝ። አንድ ሜትር ከሃምሳ፣ ልክ እንደ ፕላኑ።»

«እርስዎስ አመሳከሩት?»

በቃሉ የሸሚዙን ቁልፍ ነካ። «ስመጣ ተደፍኖ ነበር። ግን እዩኤል ከክፍሉ አንደኛ ነው። እሱን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?»

«ሳያዩ ፈረሙ ማለት ነው።»

መምህሩ ተነስቶ ወደ ብሎኬት ቁልሉ ተመለሰ።

እዩኤል የመጨረሻው ነበር። ቀጭን፣ ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ፣ ትሁት ልጅ። ከመተከል፣ ከወምበራዋ ደብረ ዘይት ነው የመጣው። እናቱ ለምርቃቱ ከትናንት ወዲያ መንገድ መጀመሯን ሳይጠየቅ ተናገረ። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ በዚያ ላይ መኪና ሲገኝ ነው፣ አሁን የት እንደደረሰች አላውቅም» አለ።

ነዕማ ማንጎ ሰጠችው። «ብላ፣ ምሳ አልበላህም።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ።» በጣቶቹ ጫፍ ተቀበላት። በጥርሱ ልጦ መብላት ሲጀምር ጭማቂው ወደ መዳፉ ወረደ። ፊቱ ቅጭም አለ። ማንጎውን ቶሎ ወደ ሌላ እጁ አዛወረና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ምንም። ትናንት ውኃ ስቀዳ ገመዱ ላጠኝ።»

«ክምሩን በስንት ሰዓት ለካህ?»

«ሁለት ተኩል። ከዚያ ቤት ሄጄ ስሠራ ነበር። እዚህ አልተመለስኩም። ሊድያ ደውላ ስትነግረኝ ነው የሰማሁት።»

«ከነብዩ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«ወንድሜ ነው። አምስት ዓመት አንድ ዶርም።» ድምፁ ተሰበረ። ሲሰበር ደግሞ የምር ነበር የተሰበረው። ነዕማን የረበሻት ይሄ ነው።

ውጭ ስትወጣ ጅረኛ ግድግዳው ሥር ተንበርክኳል። «አለቃ፣ ነይ እዪ።» አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ግድግዳው ሥር አለች። አጠገቧ የነብዩ ወረቀት መያዣ ሰሌዳ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ «የግድግዳ መሠረት፣ ርዝመት 14.00፣ ስፋት 0.50፣ ጥልቀት» ይላል። ከጥልቀት ቀጥሎ ባዶ ነው። «የለካው» በሚለው ቦታ ስሙን ቀድሞ ጽፏል።

«ቀዳዳዋ በፈሮ ብረት የተሠራች ናት» አለ ጅረኛ። «ያ ሁሉ ፈሮ እዚያ ታስሮ ተቀምጧል፣ ዝጎ። አንዱ ብቻ ታጥቧል። ፈሮ የሚያጥብ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ያኔ ስልኳ ጮኸ። አሶሳ የተላከውን ሬሳ ያየው ሐኪም ነው። አዳመጠች። ስልኩን ዘግታ ወደ ጉድጓዱ ዞረች።

«ምን አለሽ?» አለ ጅረኛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ።

«የተመታው ከኋላ ነው፣ በቀጭን ብረት። የገደለው ግን እሱ አይደለም። አፈሩ ሳንባው ድረስ ገብቷል። አፈሩ ሲወርድበት ይተነፍስ ነበር።»

ከሩቅ ነጎድጓድ ተንከባለለ። የመጀመሪያው ነፋስ መጥቶ ከክምሩ አናት ላይ ትንሽ አፈር አነሳ።

«ሁሉንም ሰብስብልኝ» አለች ነዕማ። «ቶሎ። ይሄን ክምር ዝናብ ከበላው ኻሚስም አብሮ ተበላ።»

*

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጉድጓዱን ከብበው ቆሙ። ሊድያ፣ እዩኤል፣ መምህር በቃሉ፣ ሰዳም፣ ከነካቴናው ኻሚስ። ኸድራ ትንሽ ራቅ ብላ ሆዷን ይዛለች። ሰማዩ ከላያቸው ዝቅ ብሎ የመጣ ይመስላል፣ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው።

«እኔ የናንተን ትምህርት አላውቅም» አለች ነዕማ። «አባቴ ግን የቀርከሃ ቤት ሲሠራ ምሰሶ የሚቆምበትን ጉድጓድ እኔ ነበርኩ የምቆፍርለት። የወጣውን አፈር መልሼ ስከት ሁሌ ይተርፈኛል። ለምን እንደሆነ እስካሁን ማንም አልነገረኝም። መምህር፣ ይንገሩኝ።»

«አፈር ሲቆፈር ያብጣል» አለ በቃሉ ግራ ገብቶት። «ይላላል፣ አየር ይገባበታል። የዚህ ግቢ አፈር ሠላሳ በመቶ ያህል ይጨምራል። የመጀመሪያው ሳምንት ራሳችን ሞክረን ነው ያገኘነው።»

«ሊድያ፣ ጉድጓድሽ አሥራ ስምንት ነው። የወጣው አፈር ስንት መሆን አለበት?»

«ሃያ ሦስት ነጥብ አርባ።»

«ክምሩን ለኪው። መምህር፣ ጫፉን ይያዙላት።»

ለኩ። ነፋሱ ሜትሩን ያርገበግበዋል። ሊድያ በስልኳ አባዝታ አየች፣ እንደገና አባዛች። «ሃያ ነጥብ ሃያ» አለች።

«አሁን ትንሹን ክምር፣ ከነብዩ ላይ የተዛቀውን።»

«ሦስት ነጥብ አሥር።»

«ሁለቱ ሲደመሩ?»

«ሃያ ሦስት ነጥብ ሠላሳ።» ሊድያ ቀና አለች። «ነጥብ አሥር ብቻ ነው የጎደለው። እሱ በሰው እግር የሄደ ነው።»

«ገባህ ሰዳም?» አለች ነዕማ። «ጉድጓዱ ቢደረመስ ኖሮ ልጁን የሚቀብረው አፈር ከግድግዳው ነበር የሚመጣው። ክምሩ ሃያ ሦስት እንዳለ ይቀመጥ ነበር፣ ጉድጓዱም ይሰፋ ነበር። ጉድጓዱ አልሰፋም። ክምሩ ነው የጎደለው። አንድ ሰው አካፋ ይዞ ከክምሩ አናት እየዛቀ ልጁ ላይ ጣለ። ጠርዟን ሸረፍ አደረጋት፣ አደጋ እንዲመስል። ክምሩንም ከላዩ መልሶ አስተካከለው። ለዚህ ነው አናቱ ላይ የፍየል ኮቴ የሌለው።»

ሰዳም ወደ ኻሚስ አየ። «አካፋው የሱ ነው እኮ።»

«አካፋው ሜዳ ላይ ነው የዋለው፣ ማንም ያነሳዋል። አንተን አልወቅስህም፣ እኔም አሶሳ ሆኜ በስልክ ብሰማው አምን ነበር።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እንግዲህ መቼ ነው? ነብዩ ሦስት ተኩል ላይ በሕይወት ነበር። ሊድያ አይታዋለች፣ ኸድራም። ስለዚህ ክምሩ የጎደለው ከሦስት ተኩል በኋላ ነው። ከሦስት ተኩል በፊት የለካው ሰው ምን ማግኘት ነበረበት ሊድያ?»

ሊድያ ቀስ ብላ ወደ እዩኤል ዞረች።

«ሃያ ሦስት ከምናምን» አለች ነዕማ በሷ ፈንታ። «እዩኤል ሁለት ተኩል ላይ ለካሁ አለን። ወረቀቱን አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ ለጠፈው፣ ሬሳው ከመገኘቱ ሁለት ሰዓት በፊት። የጻፈው ሃያ ነጥብ ሃያ ነው።»

ነጎድጓዱ ቀረበ።

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ እዩኤል። «ኢንስፔክተር፣ ክምር መለካት ከባድ ነው፣ ቅርጹ ልክ አይደለም፣ ሁለት ሦስት ሜትር ኩብ ሰው ይሳሳታል። ቲቸር ይንገርዎት።»

«ብትሳሳትማ ኖሮ ዕድለኛ ነበርክ» አለች ነዕማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አልተሳሳትክም። አሁን ሊድያ ስትለካው ያገኘችው ቁጥር የአንተ ቁጥር ነው፣ ከነነጥቡ። ክምሩን የለካኸው ከጎደለ በኋላ ነው። መምህርህ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ እንደሚያመሳክር ታውቃለህ። ሃያ ሦስት ብለህ ብትጽፍ መሬት ላይ ያለው ሃያ ነው፣ ያልለካውን ጻፈ ይልሃል። ስለዚህ ጓደኛህን ቀብረህ ስትጨርስ ሜትር አውጥተህ ለካህ። በጥንቃቄ ነው የለካኸው።»

«እጁን እዪልኝ አለቃ» አለ ጅረኛ። እዩኤልን ክንዱን ይዞ መዳፉን ገለበጠው። አራት ትኩስ ውኃ የቋጠሩ ቦታዎች፣ ሁለቱ ፈንድተዋል። ኻሚስ አንገቱን አስግጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ የገመድ አይደለም» አለ። «ይሄ የአካፋ ነው። የመጀመሪያ ቀን እንደዚህ ነው።»

«ለምን?» አለች ሊድያ። መጮኽ ፈልጋ ነበር፣ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። «እዩ፣ ለምን?»

እዩኤል ጉድጓዱን እንጂ እሷን አላየም።

«መሠረቱን አልለካሁትም» አለ። «ያን ሳምንት አሶሳ ለመውጫ ፈተና እያጠናሁ ነበር። ከፕላኑ ላይ ገልብጬ ጻፍኩ፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሕይወቴ ሳልለካ የጻፍኩት። ነብዩ ደረሰበት። ፈሮ ግድግዳው ሥር እየመታ ‹አጭር ነው እዩ፣ አጭር ነው› ይለኛል። ከጀርባ በአጥሩ በኩል ገብቼ ለመንኩት። ለመንኩት እኮ! አሥራ ሁለት ቀን ብቻ፣ ከምርቃት በኋላ ተናገር አልኩት። እናቴ መንገድ ላይ ናት አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹ኸድራ እዚህ ነው የምትወልደው› አለኝ። ‹ዛሬ ለቲቸር እነግረዋለሁ› አለና ፈሮውን ጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጉድጓዱ ዳር ሄዶ የሊድያን ልኬት ሊያረጋግጥ ሜትሩን መዘርጋት ጀመረ። ፈሮውን አነሳሁ።» መዳፉን ከፍቶ አየው። «ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀ። የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«አልሞተም ነበር» አለች ነዕማ።

እዩኤል ቀና አላለም።

«ድምፅ ሰምተሃል፣ አይደል?»

እዩኤል መዳፉን ጨበጠ። ከዚያ አንገቱን አንድ ጊዜ ነቀነቀ። «አካፋውን ካነሳሁ በኋላ ነው የሰማሁት» አለ። ሊድያ ፊቷን ሸፈነች። ጅረኛ ካቴና አውጥቶ አሰረው።

መምህር በቃሉ የብሎኬት ቁልል ላይ ተቀመጠ። የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። «ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«አዎ» አለች ነዕማ። «እሱንም በቃልዎ ውስጥ ይጽፉታል።»

ሰዳም ኻሚስን ፈታው። ሊናገር የፈለገው ነገር ነበር፣ ኻሚስ ግን አልጠበቀውም። አንጓውን እያሸ ኸድራ ጋ ሄደ፣ አንድ ቃል አላት፣ ከዚያ ተመልሶ አካፋውንና ዶማውን አነሳ። ቀጥ ብሎ ግድግዳው ሥር፣ ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ጋ ቆመ።

«አሁን ፎርማን አያባርረኝም» አለ።

ቆፈረ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እንደ ጠጠር እየከበዱ መውረድ ጀመሩ፣ እሱ አላቆመም። ጉልበቱ ድረስ ገባ። ቀበቶው ድረስ ገባ። እዚያ ላይ አካፋውን ወደ ጎን አስገባው፣ ከግድግዳው ድንጋይ ሥር፣ አካፋው ምንም ሳይነካው ሾልኮ ገባ። ከላይ እስከ ጣሪያ ልክ የቆመው ግድግዳ ሥር ልል አፈር ብቻ ነው ያለው። ኸድራ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

ሊድያ ወርዳ ኻሚስ አጠገብ ተንበረከከች። ሜትሩን ዘረጋች፣ ጫፉን ድንጋዩ መጨረሻ ላይ ኻሚስ ያዘላት። ዝናቡ ፊቷ ላይ እየወረደ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ዜሮ ነጥብ ዘጠና» አለች ጮክ ብላ።

ነዕማ የነብዩን ሰሌዳ አቀበለቻት። ሊድያ በጀርባዋ ከዝናቡ ከልላ ባዶው ቦታ ላይ ቁጥሩን ጻፈች። «የለካው» የሚለው ጋ የነብዩ ስም አለ፣ አልነካችውም። ከሥሩ «ያረጋገጠው» የሚለው ጋ የራሷን ፈረመችና ወረቀቱን አጣጥፋ ሸሚዟ ውስጥ ከተተችው።

ከኋላቸው ትልቁ ክምር ከአናቱ መሟሟት ጀምሯል። ቀይ ውኃ በጎኑ እየወረደ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።